የፈረሱ ሆድ የደረሳት ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጡረተኛው መምህር መልስ

ባለፈው ዕትም «ልጆች አብረው ሲሥሉ ማየት የምወደውን ያህል፣ በሥዕሉ ሲጣሉም ማየት እወዳለሁ» ብዬ ጣል ባደረግኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነሣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ ደብዳቤ መጣልኝ። የሚበዙት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። አንድ የተቆጡ አባትም አሉ፤ እሳቸውን አላሳለፍኳቸውም። እኔ 31 ዓመት ጠመኔ ይዤ የኖርኩ የደብረ ብርሃን ጡረተኛ ነኝ። የምመልሰው ከሠራሁትና ካበላሸሁት ነው። ይህን ስጽፍ ደግሞ ታኅሣሥ ነውና በውርጩ ጣቴ ደንዝዟል፤ ነገር ቢዘበራረቅብኝ በብርዱ አሳብቡልኝ።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና አካባቢ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 72 ልጆች አሉ። በቀደም እንደ ልማዳችን በ1ለ5 አደራጅቼ፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ ትልቅ ወረቀት ሰጥቼ፣ ያለችኝን ከለር አካፍዬ የገበያ ቀን አብረው እንዲሥሉ አደረግኩ። የሆነው ግን በየቡድኑ አንድ ጎበዝ ይሥላል፣ አንዱ ላጲስ ያቀብላል፣ የቀሩት ይደባደባሉ። 40 ደቂቃዬ በማስታረቅ አለቀ። በዚህ ብዛት የጋራ ሥዕል የሚባል ነገር ይቻላል?»

ይቻላል ልጄ። እንዲያውም የሚያግዝሽ ብዛታቸው ነው።

መጀመሪያ ግን ስድስት ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ስላጎነበሰ ሥራው የጋራ እንደማይሆን እንተማመን። ደቦና ወንፈልን ታውቂያለሽ። ደቦ ላይ ጠላው እስካለ ድረስ ከኋላ ቆሞ የሚያቅራራውም ከሠራተኛ ይቆጠራል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው፤ ዛሬ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ የኔን ታጭዳለህ፤ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ቡድኖችሽ ደቦ ሆነውብሻል። አንቺ የምትፈልጊው አንዱ ካልሠራ የጎረቤቱ ሥራ የሚጎድልበትን ነው።

እንዲህ አድርጊ። 36 ኤፎር ወረቀት ለሁለት ለሁለት ቁረጪ፤ 72 ቁራጭ ይወጣልሻል። ወደ ጎን 9፣ ወደ ታች 8 አድርገሽ አጋድመሽ ስትደረድሪው 1 ሜትር ከ90 በ1 ሜትር ከ20 ገደማ የሚሆን ሥዕል ነው፤ የክፍልሽን ጥቁር ሰሌዳ ግማሽ ይሸፍናል። አሁን በሌላ ግማሽ ወረቀት ላይ ያንኑ ሜዳ ዐሥር ጊዜ አሳንሰሽ አስምሪ፤ እያንዳንዷ ቤት ወርዷ 21፣ ቁመቷ 15 ሚሊ ሜትር ትሁን። እዚያ ላይ አንድ ትልቅ፣ ቀላል ነገር ሣዪ። በቅሎ፣ ዋርካ፣ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ። ገበያ አይሆንም፤ የሰው ብዛት ልጆቹን ያደናግራል።

ከዚያ በየባዶው ቁራጭ ጠርዝ ላይ መስመሩ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ ብቻ በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጊ። መሐሉ የልጁ ነው። ይህ ሥራ ሁለት ምሽት ይወስድብሻል፤ አልዋሽሽም። ልጆችሽ 5ኛ ክፍል ቢሆኑ ኖሮ በማስመሪያ ለክተው በዐሥር አባዝተው ራሳቸው ያወጡት ነበር፤ የሒሳብ መምህሩም ይመርቁሽ ነበር።

አቀማመጡ ነው ቁልፉ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት የሚቀመጡ ከሆነ 24 ዴስክ አለሽ። ሦስት ዴስክ ጎን ለጎን ስታደርጊ 9 ልጅ፤ እንዲህ ያለ ስምንት ረድፍ ስትደረድሪ ክፍልሽ ራሱ ሥዕሉን ሆነ ማለት ነው። በሥዕሉ ጎረቤት የሆኑ በዴስክም ጎረቤት ናቸው። አንዱ ልጅ መስመሩን ይዞ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ያንተ የት ጋ ነው የሚጀምረው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የጋራ ሥዕል ተጀመረ በይ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ረድፎቹን በፊደል ሰየምኳቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ። ልክ ስምንት ናቸው፣ ደስ አለኝ። ስንሰቅል ጊዜ ግን «ሰ 5 ይምጣ!» ስል ሁለት ልጅ ተነሣ። አንዱ ንጉሡ ሠ፣ አንዱ እሳቱ ሰ። ልቤ አሰቃቀሉ ላይ ነበርና ሳላይ ተቀበልኩ። የበቅሎዋ ጉልበት ሆዷ ላይ በቀለ፤ አንደኛው እግሯ ደግሞ መሐሉ ተቆርጦ ቀረ። ሊጎበኙን የመጡ ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩና «መምህር፣ ይቺ በቅሎ እግሯ ስንት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ በቁጥር አድርጊ፣ ከ1 እስከ 72፣ ከወረቀቱ ጀርባ። ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስትም ይኑረው፤ ያለ ቀስት ከሦስቱ አንዱ ተገልብጦ ይመጣል።

ነጥቡን ሁሉ አንቺ አድርጊ ያልኩሽ ልጆችሽ 3ኛ ክፍል ስለሆኑ ነው። ከ4ኛ ጀምሮ እኔ ሆን ብዬ አንዳንድ ጠርዝ ያለ ነጥብ እተወዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከሁለት ሴት ልጆች ነው። የበቅሎዋ አንገት ለአንዷ፣ ጭንቅላቷ ለጎረቤቷ ደረሰ። የአንገቱ ባለቤት እጇ ሰፊ ነው፤ የበሬ አንገት ሠራች። የጭንቅላቱ ባለቤት ደግሞ እርሳሱን የምትይዘው ጫጩት እንደያዘች ነው፤ የፍየል ጭንቅላት አወጣች። ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ ግንድ ላይ ሎሚ የተቀመጠ መሰለ። «አጥብቢው!» «አንቺ አስፊው!» ተባባሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ፤ እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም። አንዷ እንባዋ ሊመጣ ሲል የአንገቱ ልጅ ማስመሪያዋን በሁለቱ ጠርዝ ላይ አጋደመች። ጣቷን አስቀመጠችና «እዚህ ጋ እንገናኝ» አለች። ጠበበ፣ ሰፋ፣ ተሰረዘ፣ እንደገና ተሰረዘ። ላጲሱ ወረቀቱን አሳሳው፣ ቦታው ጠቆረ። ሥዕሉ ተሰቅሎ ሰው ከሩቅ ሲያየው ያ የጠቆረ ቦታ ልጓም መሰለ። ልጆቹም «ልጓም ነው» ብለው ተስማሙ፤ እኔም አልከራከርኳቸው።

ከለሩን ለየልጁ አታካፍይ፤ ለየቀለሙ አንድ ጣሳ መድቢ። የሰማዩ ጣሳ፣ የመሬቱ ጣሳ፣ የበቅሎዋ ጣሳ። ያለዚያ 72 ዓይነት ሰማይ ይወጣል። የሱቅ ቀለም ካነሰሽ ከሰልና ቀይ አፈር በደንብ ተፈጭተው፣ ተነፍተው፣ በስስ የዱቄት ሙጫ ሲለወሱ ጥሩ ቀለም ናቸው፤ ዓመት ቢሰቀሉም አይለቁም። እርድ ቢጫ ነው፣ ቀይ ሥር ደግሞ ሲቀባ ያስጎመጃል፤ ግን ሁለቱንም ፀሐይ ይበላቸዋል። ቀይ ሥር በሳምንታት ውስጥ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ለበዓል ቀን ብቻ ከሆነ ተጠቀሚባቸው።

ሥራውን ደግሞ በአንድ ክፍለ ጊዜ አትጨርሺውም። እርሳሱ አንድ፣ ቀለሙ ሁለት፣ መግጠሙና መስቀሉ አንድ፤ በአራት ያልቃል።

«እኔ አርቲስት አይደለሁም፣ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ደብረ ብርሃን 2ኛ ክፍል ትማራለች። ከለር ግዙ ተብለን ገዛን። ሥዕል ሠራን ብላ ያመጣችው ግን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ የተቀባ ቁራጭ ወረቀት ነው። ምንድን ነው ስላት "የፈረሱ ሆድ ነው" አለችኝ። ጎረቤታችን ያለው ልጅ ዓይኑን ሠርቷል አሉ። ይህ ትምህርት ነው?»

እውነትዎን ነው ብል ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። ግን እውነትዎን ነው።

ከላይ ለእህታችን የነገርኳትን ዘዴ ያነበቡ እንደሆነ ጉድለቱ እዚያው ነው። አንድ ፈረስ 72 ቦታ ሲቆራረጥ ዓይን የሚደርሰው አንድ ልጅ ነው፤ ሆድ የሚደርሰው ስድስት ሰባት፤ ባዶ ሰማይ የሚደርሰው ሃያም ይሆናል። መሬት ሲከፋፈል እንኳ ለሙና ጭንጫው በዕጣ ይለያል። ብዙ መምህራን ግን (እኔም ለዓመታት) ዓይኑን ለጎበዙ፣ ሰማዩን ለደካማው እንሰጣለን፣ ሥዕሉ እንዲያምርልን። እንግዳ ሲመጣ እንዳናፍር። ልጁ ግን ይገባዋል። የሰማይ ቤት ሦስት ጊዜ የደረሰው ልጅ አራተኛ ጊዜ «ቲቸር፣ እኔ ልውጣ?» ይላል።

መድኃኒቱ ዕጣ ነው፤ ቀጥሎም ተራ። ዛሬ ሆድ የደረሳት በሚቀጥለው ሥዕል ፊት ይደርሳታል፤ መምህሩም በመዝገብ ይያዘው። ሌላው፣ ባዶ ቤት ባዶ መሆን የለበትም። የፈረስ ሆድ ላይ ፀጉር አለ፣ ኮርቻው የፈተገው ቦታ አለ፣ ዝንብ አለ። ሰማይም ቢሆን አሞራ አያጣም። ልጅዎ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ የቀባችው እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። ሦስተኛው ስህተት ደግሞ ቁራጩ ቤት መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ተገጥሞ ተሰቅሎ ወላጅ ሊያየው ይገባል፤ ልጁ ቁራጩን ይዞ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን በሆዱ አይፈሩ። የአገራችን ልጅ አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው የተወለዱት። አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ገብተው የእሳቸውን የመስታወት ሥዕል ያዩ እንደሆነ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በሦስት ክፍል የተሠራ፣ ቁርጥራጭ መስታወት እየተገጣጠመ የቆመ። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ አብዛኛው ለብቻው ቢታይ ቀለም ብቻ ነው። አንዱ ቢወልቅ ግን በቀዳዳው ነፋስ ይገባል።

ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ይበሉና መምህሩ ቁርጥራጮቹን አሰባስቦ አንዴ እንዲሰቅለው ይለምኑት፤ በቁጣ ሳይሆን። ከዚያ ልጅዎን ይዘው ይሂዱና «የቱ ጋ ነው ያንቺ?» ይበሏት።

«ከመሐል ሜዳ ነው። የ5ኛ ክፍል መምህር ነኝ፣ 40 ተማሪ አለኝ። ቀለም የሚባል የለንም፤ ቢመጣም በሳምንት ያልቃል። በልጆቹ ቤት የማይጠፋው የበግ ፀጉር ብቻ ነው። በእሱ የጋራ ሥራ ይወጣል?»

ወንድሜ፣ ቀለም ቤት ላይ ተቀምጠህ ቀለም የለኝም ትለኛለህ! የመንዝ በግ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማው፣ ዳለቻው እንዳለ ይመጣልሃል፤ መንከር አያስፈልገውም። በርኖስና ዝተት የለበሰ አገር ልጅ ሱፍ እንዴት እንደሚያዝ ከኔ ይልቅ ያውቃል።

ፍርግርጉን ግን ተወው፤ ለሱፍ አይመችም። አንተ ዘንድ የተሻለ ነገር አለ፣ የጓሳ ጭላዳ። ጭላዳ ብቻውን አይሄድም፤ መንጋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን አንድ ጭላዳ ቆርጦ ሱፍ ያልብሰው፤ አርባው አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ሲሰማሩ ሥዕሉ ሞላ። ወንዱ ጎፈር አለው፣ ጥቁርና ቡናማ ሱፍ ረዘም አድርገህ ለጥፍ። ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ መልክ ከአሮጌ ቀይ ሹራብ ተርትራችሁ አድርጉ። እናቶቹ ግልገል ይዘዋል፤ አንዱ ሣር ይነጫል፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይፈትሻል። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ልጆቹ ይከራከሩበት፤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅ አይቆጭህ። መንጋውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ገብሱን የሚጠብቁበት እነሱ ናቸውና።

ሱፉን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳታጥቡ እንዳትለጥፉ። ስቡ ሳይወጣ ሙጫ አይዘውም፤ በሦስተኛው ቀን ጭላዳው ሁሉ መላጣ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ በጣት አባዝቱት። እዚህ ላይ ወንዶቹ «ይሄ የሴት ሥራ ነው» ማለታቸው አይቀርም፤ በቤታቸው እናት ስትፈትል አባት ሲሸምን አይተዋል። መልስህ አጭር ይሁን፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም ያባዝታል፣ ሁሉም ይለጥፋል። ከወላጆች መሐል ሸማኔ ካለ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጥራው፤ አንድ በርኖስ ከስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ እሱ ቢቆጥርላቸው ይሻላል።

ደግሞ ለመሬቱ ብለህ ጓሳ ንቀሉ አትበላቸው። ሣሩ አባቶች በሕግ ያቆዩት ነው፤ እንደፈለጉ አይታጨድም። የገብስ ጭድ ይበቃሃል።

«ሸዋ ሮቢት የማስተምር ነኝ። የጋራ ሥዕል ጀምረን ሁለት ሙስሊም ወላጆች "ልጃችን የሰውና የእንስሳ መልክ ባይሥል" ብለው በትሕትና ነገሩኝ። ልጆቹን ለብቻ ሌላ ሥራ ልስጣቸው?»

ለብቻ አታድርጊያቸው እህቴ። ሥራውን ለሁሉም ለውጪው።

ሰፌድ አስቢ። ከካርቶን ክብ ቁረጪና እንደ ድፎ ዳቦ ለ12 ክፈይው፤ 360 ለ12፣ እያንዳንዱ ቁራሽ 30 ዲግሪ ነው። 48 ልጅ ካለሽ አራት ሰፌድ። እያንዳንዱ ልጅ ቁራሹን በፈለገው ሐረግና ጥልፍ ይሙላ፤ ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። የውጪው ዳር ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፤ በጎንና በጎኑ ያለው መስመር ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ይግጠም። ሰፌድ የምትሰፋ እናት አትጠፋምና ስንደዶውንና አክርማውን፣ የተነከረውን አለላ ይዛ ትምጣ። ከመሐል ጀምራ እየዞረች ስትሰፋ ይዩ፤ ስፌቱን እንዴት እየቆጠረች ጥለት እንደምታወጣ ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩ ማባዛት የተማሩ ያህል ነው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት መሶብ አለ።

ቀለሙን ግን በጥቂት በጥቂቱ በጥብጪ። እዚህ እኛ ዘንድ ለመድረቅ ግማሽ ቀን የሚፈጀው እናንተ ቆላ ብሩሹ ላይ ይደርቃል።

«ኮላ ተወዷል። የዱቄት ሙጫ እንዴት ነው የሚሠራው? ስንሠራው ይሻግታል።» (ከአንኮበር፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች)

ልጆች፣ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ ጓል እንዳይኖረው። ሌላ አራት ስኒ ውኃ አፍልታችሁ (እሳቱ ላይ ትልቅ ሰው ይኑር) ብጥብጡን እየጨመራችሁ አማስሉ። እንደ አጥሚት ወፈር ሲልና ሲያበራ አውርዱት። አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ ሻጋታውን ያዘገየዋል። ከሦስት ቀን በላይ አታቆዩት፤ ጥቂት ሠርታችሁ ጨርሱ። የለጠፋችሁትን ደግሞ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፣ የሚሻግተው ያን ጊዜ ነው።

ጨው አይጥን ግን አይከለክልም። ያቺን እግሯ የተቆጠረባትን በቅሎ አስተካክለን ከገጠምናት በኋላ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ግድግዳ ላይ ትተናት ሄድን። ስንመለስ ከሆዷ በታች የለችም፤ ወለሉ ላይ የወረቀት ብጥስጣሽ ብቻ። እናንተ ከጣሪያው ሥር በሽቦ ስቀሉት፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ይራቅ።